ሴት ብታውቅ፦ የወለጋ ሴት ስም የት ተጻፈ?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት በልጅነቱ ያልሰማ የለም። አድገን ከተማርን በኋላ ደግሞ ተረቱን የኋላ ቀርነት ማሳያ አድርገን በየስብሰባው እንወቅሰዋለን። በየዓመቱ ማርች 8 ሲመጣ አንድ ባለሥልጣን ከመድረክ ላይ ሆኖ ይህንኑ ተረት ይጠቅስና «ይህ ዘመን አልፏል» ይለናል፤ እኛም አጨብጭበን እንበተናለን።

እኔ ግን ከጊዜ ወዲህ ይህን ተረት እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ታሪክ ማስረጃ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ልብ ብለን ካዳመጥነው ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም። ታውቃለች ነው የሚለው፤ ነገር ግን ያወቀችውና ያፈራችው ነገር የሚያልቀው፣ ማለትም የሚመዘገበው፣ የሚታተመውና የሚሸጠው፣ በወንድ ስም ነው። እንግዲህ ይህ ስድብ ብቻ ሳይሆን የአሠራር መግለጫም ነው። አሠራር ደግሞ በጭብጨባ አይለወጥም።

«የሴቶችን አቅም ማጎልበት» እና «ዘላቂ መተዳደሪያ» የሚሉት ቃላት ከመንግሥት ዕቅድም ሆነ ከመያዶች ሰነድ የማይጠፉ ናቸው። ቃላቱ ሲነገሩ የገጠሯ ሴት አቅም የላትም፣ አቅሙ ከውጭ ይመጣላታል የሚል ግምት በውስጣቸው አለ። ይህን ግምት በአንድ አካባቢ ታሪክ ልፈትነው ፈለግሁ። አካባቢው ወለጋ ነው፤ ነቀምቴና ዙሪያዋ ያሉት ከተሞች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» የተባለው ብቻ የእኛው ነው።)

አስቴር ጋኖ

ታሪኩ ከአንዲት ልጅ ይጀምራል። አስቴር ጋኖ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነጻ ሆና ተወለደች። በኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት፤ ከዚያም ተሽጣ ወደ ባሕሩ ተነዳች። በዚያ ዘመን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ቀይ ባሕር ይነዱ ከነበሩት ባሮች ብዙዎቹ ልጆችና ልጃገረዶች ነበሩ። በ1886 አስቴርን ወደ ዐረብ ምድር ይዛ ትሻገር የነበረችውን ጀልባ የጣልያን መርከቦች ያዙ። ልጅቱም ነጻ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች።

በእምኩሉ ኦነሲሞስ ነሲብ የሚባል ሌላ ከባርነት የወጣ ኦሮሞ ነበር። ኢሉባቦር የተወለደው ኦነሲሞስ በጨቅላነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ፣ ስዊድን ሄዶ የተማረ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመተርጎም ታላቅ ዓላማ ነበረው። ነገር ግን አንድ ከባድ ችግር ገጠመው። ከእናቱ ቤት የወጣው ገና ሕፃን ሳለ ነበርና የአፍ መፍቻ ቋንቋው በሙላት አልቀረለትም። ዓላማው በእጁ ነበር፤ ቃሉ ግን አልነበረውም።

ቃሉ የነበረው አስቴር ዘንድ ነው። አስቴር ከአገሯ ስትወሰድ ቋንቋዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ልጅ ነበረች። 15,000 ያህል ቃላት ሰብስባ ለትርጉም ሥራው መሠረት የሚሆን መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። 500 የሚሆኑ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና እንቆቅልሾችን ከትውስታዋ ጻፈች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባብያን በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን መድበልም ተረጎመች። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ራስህን ጠይቅ። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሣ የማን ስም ትዝ ይልሃል? የኦነሲሞስ ነው። ኦነሲሞስ ክብሩ ይገባዋል፤ በእርሱ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን 15,000 ቃል ማለት የሴቶች ጓዳ፣ የወፍጮ ቤት፣ የምንጭ ዳርና የሠርግ ዋዜማ ነው። አንዲት ልጅ ያን ሁሉ በአእምሮዋ ተሸክማ የባሪያ ነጋዴዎችን መንገድ አልፋ ባታደርሰው ኖሮ መጽሐፉ ያን መልክ ባልያዘ ነበር። ዐወቀች፤ በወንድ ስም አለቀ።

በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ከሌሎች ነጻ ከወጡ ኦሮሞዎች ጋር ወደ ወለጋ ዘለቁ። አስቴር ጋኖ በነቀምቴ አስተማሪ ሆነው በ1964 እስካረፉ ድረስ ኖሩ። ባሪያ ተብላ የተሸጠችው ልጅ የሁለት ትውልድ አስተማሪ ሆና አረፈች ማለት ነው። በእኔ እምነት የወለጋ ሴት ዘመናዊ ታሪክ መግቢያ በር ይህ ሕይወት ነው።

ከሚስዮኑ በፊት ምን ነበረ?

አስቴር ሲደርሱ ነቀምቴ ባዶ ሜዳ አልነበረችም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በከሬ ጎዳና የመሠረተው የለቃ ነቀምቴ መንግሥት በልጁ በሞረዳና በልጅ ልጁ በኩምሳ ዘመን የምዕራቡ ንግድ ማዕከል ሆኖ ነበር። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ማር፣ ቡናና አሞሌ ጨው በለቃ ገበያዎች ይለዋወጡ ነበር፤ ባሮችም እንደዚያው። የእምባቦ ጦርነት በ1882 ከተደረገ በኋላ ሞረዳ ለምኒልክ ገብሮ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ቆየ። ልጁ ኩምሳም ክርስትና ተነሥቶ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። የኩምሳ ሞረዳ ግቢ ዛሬም ነቀምቴ ውስጥ ቆሞ ይገኛል።

የገዥዎቹን ስም እንዲህ በቀላሉ መዘርዘር እንችላለን፤ ተጽፏልና። ግብሩን ግን ማን ሠራው? ማሩን ጠጅ ያደረገ፣ ቅቤውን የናጠ፣ ቡናውን የለቀመና ያደረቀ፣ ለግብር የተሰበሰበውን ሠራዊት እንጀራ የጋገረ፣ እህሉን በድንጋይ ወፍጮ የፈጨ ማን ነበር? በገባር ሥርዓት ከተደነገጉት ግዴታዎች አንዱ ለመልከኛው ቤት እህል መፍጨት እንደነበር የታወቀ ነው። ግዴታው በባልየው ስም ተጽፎ በሚስቲቱ ክንድ ይፈጸም ነበር።

ይሁን እንጂ ሴቶቹ ሥራ ብቻ አልነበራቸውም፤ ተቋምም ነበራቸው። በኦሮሞ ባህል ሴት ልጅ ስታገባ «ሲንቄ» የሚባል ቀጭን በትር ይሰጣታል። ዱላ አይደለም፤ ሰው አይመታበትም። የመብት ምልክት ነው። የተጣሉ ወገኖች መካከል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከገቡ ጠቡ መቆም አለበት። በተለይ አራስ ሴት በባሏ ከተደበደበች ጮኻ ሌሎቹን ትጠራለች፤ የሰሙት ሁሉ ሥራቸውን ጥለው፣ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ነገሩ በሽማግሌ ታይቶ በዳዩ ካሣ እስኪከፍል ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። የባሰ በደል ከሆነ ሴቶቹ ቀዬውን ለቀው ይሰደዳሉ፤ ይህ ማኅበረሰቡ እጅግ የሚፈራው ነገር ነበር።

ደምቢ ዶሎ የተወለዱት ማርታ ኩዌ ኩምሳ በደርግ ዘመን ያለ ፍርድ ለዓመታት ታስረው የቆዩ ጋዜጠኛና በኋላም በካናዳ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ስለ ሲንቄ በ1997 ባሳተሙት ጥናት የገዳ ሥርዓት ሴቶችን ከሥልጣን እርከኑ ውጭ ቢያደርግም ሲንቄ ያን የወንዶች ሥልጣን የሚገድብ የሴቶች ተቋም እንደነበር አስረድተዋል። ይህ ሚዛናዊ አባባል ነው። ያለፈውን ገነት አድርጎ አይስልም፤ ባዶ አድርጎም አያየውም። ገዳ በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ደስ ያለን ሁሉ፣ ከገዳው ጎን የቆመችውን ይህችን ቀጭን በትርም ልናስታውስ ይገባ ነበር።

ከሲንቄ ሌላ የኑሮ ተቋማትም አሉ። አንዲት ወይም ሁለት ላም ያላት ሴት በየቀኑ የምታገኘው ወተት ለመናጥ አይበቃም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ወተታቸውን ወይም ቅቤያቸውን በተራ ለአንዷ ይሰጣሉ፤ የተሰበሰበው ተንጦ ለገበያ የሚበቃ ቅቤ ይሆንላታል። በሚቀጥለው ተራው የሌላዋ ነው። ይህ «ዊጆ» ይባላል። የከተማው ሰው በገንዘብ የሚጥለውን እቁብ እነዚህ ሴቶች በወተት ይጥሉታል ማለት ነው። ዋስ የለውም፣ ወለድ የለውም፣ ጽሕፈት ቤት የለውም። ሃይማኖትና የዘመኑ ፖለቲካ ያልነካው ቁጠባ ነው።

ከጓሮ ደግሞ አንጮቴ አለ። የምዕራብ ኢትዮጵያ አገር በቀል ሥራ ሥር ነው። ወለጋ ውስጥ ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይሰጣል፤ በመስቀል በዓል ደግሞ በቅቤ ታሽቶ ይቀርባል። ካልሲየሙ ከፍ ያለ መሆኑን ዘመናዊ ምርመራ አረጋግጧል፤ የወለጋ እናቶች ግን ቤተ ሙከራ ሳይጠብቁ ለተሰበረ አጥንት ሲመግቡት ኖረዋል። ዘሩን መርጣ የምታስቀምጠው፣ ከቤት አጠገብ የምትተክለውና የምትንከባከበው በአብዛኛው ሴቷ ናት። «ዘላቂ መተዳደሪያ» ለሚባለው ነገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ፊደል መጣ፣ አቴቴ ሄደች

ሚስዮን ወደ ወለጋ የመጣው በሀገር ልጆች እጅ ነው። በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ዳንኤል ቦጂ ደረሱ፤ በ1904 እነኦነሲሞስ ተከተሉ። አሜሪካኖቹ በ1919 በዶክተር ላምቢ መሪነት ሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ገቡ፤ ጀርመኖቹም በ1928 አይራ ላይ ጣቢያ ከፈቱ። በእነዚህ ጣቢያዎች ዙሪያ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ በቀለ። ሴቶች ልጆች ፊደል ቆጠሩ፤ ከመካከላቸውም አስተማሪና ነርስ የሆኑ ወጡ። ይህ ውለታ የሚካድ አይደለም።

ነገር ግን ለሁሉም ነገር ዋጋ አለው። ሴቶች ተሰብስበው ስለ ልጅ፣ ስለ ከብትና ስለ ዝናብ የሚለምኑበት የአቴቴ ሥርዓት በአዲሱ ትምህርት ዐይን ባዕድ አምልኮ ሆነ። የኦርቶዶክስ ካህናትም ቢሆኑ ለአቴቴ የተሻለ ፊት አላሳዩአትም። በሃይማኖቱ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ እምነት የሰው የራሱ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ሊያየው የሚገባው ግን አቴቴ ጸሎት ብቻ እንዳልነበረች ነው። ሴቶች ያለ ባል ፈቃድ የሚሰበሰቡበት፣ ጉዳያቸውን የሚመክሩበት ጉባኤም ነበረች። ጉባኤው ሲፈርስ በቦታው የመጣው ጉባኤ መሪው ወንድ፣ ሰባኪው ወንድ ነበር። ሲንቄም በአርሲና በጉጂ እስከ ዘመናችን ኃይሏን ይዛ ስትቆይ በወለጋ በአብዛኛው ወደ ሠርግ ጌጥነትና ወደ ትዝታ አዘነበለች።

ንግዱም በዚያው ዘመን መልኩን ለወጠ። በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይወርድ ጀመር። ቡና እናቶች በቅቤ ቆልተው ለምርቃት የሚያቀርቡት የቤት በረከት ከመሆን አልፎ የገንዘብ ሰብል ሆነ። ገንዘቡ ሲመጣ ሚዛኑን የሚይዘውና ደረሰኙን የሚቀበለው ወንድ ሆነ። ለቃሚዋና አድራቂዋ ግን ያችው ሴት ናት። የዓለም የቡና ነጋዴዎች እስከ ዛሬ «ለቀምት» በሚል ስም የሚገበያዩበት በፀሐይ የደረቀ ቡና አለ፤ ስሙ የነቀምቴ የድሮ አጠራር ነው። የከተማይቱ ስም ኒውዮርክና ሃምቡርግ ሲደርስ የለቃሚዋ ስም ከገበያው አላለፈም።

«የጾታ ልዩነት ሳይደረግ»

የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑን በግልጽ ደነገገ። ከዚያ አብዮት መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገባሩን ነጻ አወጣ። ብዙዎች የማያስታውሱት አንድ ሐረግም በውስጡ ነበረ፤ መሬቱን ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ መሬት ይሰጠዋል የሚል። ለዘመኑ ትልቅ ቃል ነው።

ቃሉ መሬት ላይ ሲወርድ ግን የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የሚጠይቀው «የቤቱ ራስ ማን ነው?» ብሎ ነበር። አባወራ ተመዘገበ። ሴት የተመዘገበችው ባል የሞተባት ወይም የፈታች ስትሆን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሴት ስም እንዲኖራት ባሏን ማጣት ነበረባት። ይህን ስጽፍ ያ የጥንቱ ተረት በጆሮዬ ያቃጭላል።

በ1980 የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። ሴቶችን ማንበብና መጻፍ በማስተማር ረገድ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጋር የሠራው ሥራ አለ፤ ነገር ግን ማኅበሩ ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ የሚወርድበት እንጂ ከታች ወደ ላይ አቤቱታ የሚወጣበት አልነበረም። በዚያው ዘመን ወለጋ ብዙ አለቀሰች። የቦጂው ተወላጅ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1979 አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ። በቀጣዩ ዓመት ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ታሰሩ፤ ለአሥር ዓመት ያህልም በእስር ማቀቁ። እኚህ ሴት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሴቶችን ሥራ ያደራጁ፣ ልጆች ያሳደጉ፣ በስቃይ ውስጥ ያለፉ ናቸው። ስማቸው ሲጠራ ግን «የጉዲና ሚስት» የሚለው ይቀድማል። የመንግሥት ወኅኒ እንኳ ያልነፈጋቸውን የራስ ስም እኛ ነፈግናቸው።

በቆሎው፣ ብድሩና ደብተሩ

የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራትና መሬት የመጠቀም እኩል መብት እንዳላቸው አጸና። በ2000 የወጣው የቤተሰብ ሕግ «ባል ራስ ነው» የሚለውን አስቀረ። ሕጉ ወደ ፊት ሄደ።

ልማቱ ግን የቆየውን መንገድ ያዘ። በ1990ዎቹ የግብርና ኤክስቴንሽኑ ዋና ተስፋ ባኮ ላይ የተዳቀለው የበቆሎ ዘር ነበር። ወለጋ የበቆሎ አገር ሆነች። ማዳበሪያውና ዘሩ በብድር ይታደላል፤ ብድሩ በአባወራው ስም ይፈረማል። በ2001 እና በ2002 ምርቱ ተትረፍርፎ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ የማዳበሪያ ዕዳ ግን አልወደቀም። ዕዳ ሲመጣ ከቤት የሚወጣው ምን እንደሆነ የገጠር ልጅ ያውቀዋል፤ ጊደሯ፣ በግዋ፣ ዶሮዋ ናት። ብድሩ በባል ስም ተፈርሞ በሚስት ከብት ተከፈለ። ያ የገባሩ ዘመን ወፍጮ ሌላ ስም አገኘ እንጂ አልቆመም። አንጮቴዋ ግን ብድር ሳትጠይቅ በጓሮ ቀጠለች።

በ2005 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ምክንያቱም ደብተሩ ዐውደ ጥናት አይደለም፤ ሥልጠና አይደለም፤ ቲሸርት አይደለም። ስም ነው። ባል መሬቱን ለማከራየት ሲያስብ የሚጠይቃት ሰው አለች ማለት ነው። ፍቺ ሲመጣ ባዶ እጇን ወደ አባቷ ቤት አትመለስም ማለት ነው።

የሚቀረው ብዙ ነው። የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1999 ተቋቁሞ ቡናን በቀጥታ ለውጭ ገዢ ማቅረብ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። በመሠረታዊ ማኅበራቱ ግን አባልነቱ አሁንም ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በቤቱ ራስ ስም ነው፤ የትርፍ ክፍፍሉም ወደዚያው ኪስ ይገባል። ለቅሞና አድርቆ ጥራቱን የሚወስነው እጅ ከመዝገቡ ውጭ ነው።

በትሯ ባንክ ሆነች

በ1997 የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ተመሠረተ። መሬትና ቤት ማስያዝ የማይችሉ ድሆች በቡድን ተዋውሰው ዋስ እየተባባሉ እንዲበደሩ አደረገ። ይህ ተቋም በ2021 ወደ ባንክነት ሲያድግ «ሲንቄ ባንክ» ተባለ። ያች የሴቶች በትር በየከተማው አስፓልት ዳር በትልቅ ሰሌዳ ላይ ተሰቀለች።

መጀመሪያ ስሰማ ደስ አለኝ፤ ቆይቼ ግን አሰብኩ። ሲንቄ በጥንቱ ሥርዓት ሴቲቱ በእጇ የምትይዘው ነገር ነበር። ባልዋ አይነካባትም፤ ሽማግሌ አይቀማትም። ባንክ ሲሆን ግን በትሩን የያዘው ማን ነው? ስሙ ከሴቶች የተወሰደ ከሆነ ብድሩ በማን ስም ይፈረማል? አንድ ዊጆ፣ ማለትም አሥርና አሥራ ሁለት ሆነው ለዓመታት ቅቤያቸውን ሳይካካዱ የተቀያየሩ ሴቶች፣ ያ መተማመናቸው በባንኩ ዘንድ እንደ ዋስትና ይቆጠርላቸዋል? ይህ ጥያቄ ለአንድ ባንክ ብቻ የቀረበ አይደለም። የሴቶችን ተቋም ስም ለሚዋስ ማንኛውም መንግሥታዊም ሆነ የግል ድርጅት የቀረበ ነው። ስም ከተበደርክ ወለዱን መክፈል አለብህ።

ስሟ ከሌለ በምን ትመለሳለች?

እስከዚህ ድረስ ታሪክ ነው። አሁን ግን ወደ ቁስሉ ልግባ።

በ2018 መጨረሻ በካማሺ በተነሣው ግጭት በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ወደ ነቀምቴና ወደ ሌሎች የወለጋ ከተሞች ፈለሱ። ከዚያም በመንግሥት ኃይሎችና በኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት መካከል የተቀጣጠለው ጦርነት ገጠሩን አነደደው። በ2020 መጀመሪያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋረጠ። በሰኔ 2022 ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን ተጨፈጨፉ፤ አብዛኞቹ አማሮች ነበሩ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። በ2023 በታንዛኒያ ሁለት ጊዜ የተካሄደው ድርድር ያለ ስምምነት ተበተነ።

ፖለቲከኞቻችን ስለዚህ ጦርነት ሲነጋገሩ ካርታና ባንዲራ ይዘረጋሉ። የሞተውን በብሔር ከፍለው ይቆጥራሉ። እኔ ሌላ ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ። ገበያ ሲዘጋ ቅቤው የት ይሸጣል? ጎረቤት ሲበተን ዊጆው ከማን ጋር ይቀጥላል? ሴቲቱ ስትሸሽ የአንጮቴውን ዘር ይዛ ወጥታለች? ኦሮሞዋም፣ በሰማንያዎቹ ሰፈራ ከወሎ የመጡት እናት ልጅ አማራዋም፣ ጉሙዟም በዚህ ጥያቄ ፊት አንድ ናቸው። መተዳደሪያቸው ጎረቤት ነበር፤ ጎረቤት ፈረሰ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ አለ። ጦርነቱ አንድ ቀን ይቆማል፤ ሁሉም ጦርነት ቆሟል። ያን ቀን ተፈናቃይዋ ወደ ቀዬዋ ትመለሳለች። ባሏ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጫካ ገብቶ፣ ወይም ታስሮ፣ ወይም ተሰድዶ። ማሳው ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ታገኛለች። «የኔ ነው» ስትል «ማስረጃሽ የታለ?» ትባላለች። በዚያች ሰዓት ስሟ በደብተሩ ላይ ካለ ሰው ናት፤ ከሌለ የሞተ ሰው ሚስት ናት። መቶ ዓመት ሙሉ እንደ ቀላል ነገር ያለፍነው የስም ጉዳይ በዚያች ሰዓት የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል።

«ስም ብቻውን ምን ይፈይዳል? ስሟ ተጽፎ ባሏ የሚያዝባት ስንት አለች» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ወረቀት ብቻውን ጭቆናን አይሽርም። ነገር ግን ያለ ወረቀት የተሻረ ጭቆናም በታሪካችን አላየሁም። ሲንቄም ብትሆን ቀጭን በትር ናት፤ ኃይሏ ከእንጨቱ ሳይሆን ማኅበረሰቡ ዕውቅና ስለሰጣት ነበር። የዘመናችን ሲንቄ ስሟ የተጻፈበት ሰነድ ነው።

ስለዚህ አቅም እናጎልብት ለምንል የተማርን ሰዎች የምለው አጭር ነው። አቅሙ አለ፤ ቃሉም፣ ዘሩም፣ ቁጠባውም፣ ሸንጎውም ከእኛ በፊት ነበሩ። ከእኛ የሚጠበቀው አዲስ ነገር መፍጠር ሳይሆን መመዝገብ ነው። የተቃጠሉ የወረዳ መዝገቦች ሲታደሱ የሚስት ስም ይግባ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቡና ለቃሚዋን በራሷ ስም አባል ያድርጉ። ዕርዳታም ሆነ ብድር ወደ ተመላሾች ሲሄድ አዲስ «ቡድን» ከማደራጀት በፊት «ዊጆሽ ከነማን ጋር ነበር?» ተብላ ትጠየቅ። የድርድር ጠረጴዛ ዳግመኛ ሲዘረጋም ሲንቄ የያዙ እጆች ወንበር ይኑራቸው፤ በጥንቱ ሥርዓት የተጣሉትን የሚያስቆሙት እነርሱ ነበሩና።

አስቴር ጋኖ 15,000 ቃል ሰጥተውናል። ከዚያ ሁሉ ቃል መካከል ለእርሳቸውና ለልጅ ልጆቻቸው የምንመልሰው አንድ ቃል ነው፤ ስማቸውን።

ቸር እንሰንብት።